ቶሎ የማይበሳ የኮርሳ ጎማ፦ አመራረጡ፣ አገጣጠሙ፣ አነፋፉ

«ውድ ጎማ ገዝቼ አሁንም ይበሳብኛል» የሚል ሰው ሳይክሉን እየገፋ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ጎማውን አይደለም። የተበሳውን ከመነዳሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥሎታል። ከዚያ ሁለታችንም ግምት ውስጥ እንገባለን።

የኮርሳ፣ ማለትም የእሽቅድምድም ሳይክል፣ ጎማ ቀጭን ነው። ስህተት አይታገስም። ሰው ደግሞ የሚሳሳተው ጎማ ሲመርጥ ብቻ አይደለም። ሳይለካ ይገዛል፣ በካቻቢቴ ይገጥማል፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ «በቂ ነው» ይላል። ከዚያ ጥፋቱ የጎማው ይሆናል። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱበት። ደረጃ 1ን ዘላችሁ ወደ ግዢው አትሩጡ።

በቃላቱ እንግባባ። ጎማ ስል የውጩን ማለቴ ነው። ከመነዳሪ አየር የሚይዘው የውስጡ ነው። ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ነው። እግር ስል ቸርኬውን ከነጎማው ማለቴ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አንድ ቦታ አስቀምጡ።

- ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ
- ግፊት የሚያሳይ ፓምፕ
- ባልዲ ውሃና ትንሽ ሳሙና
- ወረንጦና ወፍራም መርፌ
- ማርከር
- አሮጌ የናይሎን ስቶኪንግ ወይም ስስ ካልሲ
- ማስመሪያ፣ እንዲሁም 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ማንኛውም ዘንግ

ካቻቢቴና የወጥ ቤት ማንኪያ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ረስቼ አይደለም።

## ደረጃ 1፦ ቀዳዳውን አንብቡ

1. ጎማውን ከማውለቃችሁ በፊት፣ ቫልቩ ካለበት ቦታ ትይዩ ጎማው ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። ካቴናው ባለበት በኩል ደግሞ ትንሽ ቀስት አድርጉ።
2. የጎማውን አንድ ጎን ብቻ አውልቁ። ከመነዳሪውን ጎትታችሁ አውጡት። ጎማው ቸርኬው ላይ ይቆይ።
3. ከመነዳሪውን ከጎማው ስፋት በላይ እስኪያብጥ ንፉት። ወደ ጆሮና ወደ ጉንጭ አስጠጉት። ካልተሰማ ባልዲው ውስጥ ንከሩትና አረፋውን ፈልጉ።
4. ቀዳዳውን በማርከር ክበቡት። አሁን ከመነዳሪውን ጎማው ላይ መልሳችሁ ዘርጉት፤ ቫልቩ ካስመራችሁት መስመር ጋር ይግጠም። የወጋችሁ ነገር ከክቡ ትይዩ ጎማው ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ቀዳዳውን እዩት።

አንድ ነጥብ፣ መሬት በሚነካው በኩል። እሾህ፣ ሽቦ ወይም የጠርሙስ ስባሪ ነው። ጠንካራ ጎማ የሚያድናችሁ ከዚህ ነው።

ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ እንደ አፍንጫ። አየር አንሷችኋል። ጉድጓድ ወይም የኮብልስቶን ጠርዝ ስትመቱ ቸርኬው ከመነዳሪውን ከመሬቱ ጋር ነክሶታል። አዲስ ጎማ ከመግዛት ፓምፕ ግዙ።

በውስጥ በኩል፣ ወደ ራጂዎቹ። የራጂ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነው ፋሻ ተንሸራቷል ወይም አልቋል። ፋሻው የሚያስወጣችሁ ገንዘብ ከጎማ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። እሱን ቀይሩ።

ቫልቩ ሥር የተቀደደ። ስትነፉ ፓምፑን እያወዛወዛችሁ ነው። አይለጠፍም፤ ከመነዳሪውን ቀይሩ።

ረጅም ቅዳጅ። ወይ ከመነዳሪው በጎማውና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ፈንድቷል፣ ወይ የጎማው ጎን ተሰንጥቋል፣ ወይ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ትቶ የጎማውን ጎን እየፈተገ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ፍሬኑን ያዙና ከኋላ ሆናችሁ እዩ።

### የወጋውን ሳታገኙ አትግጠሙ

ከሁሉም ክፉ ሽቦ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ ከውስጡ ፀጉር የመሰለ የብረት ሽቦ ይረግፋል። በአስፋልቱ ዳር፣ ማለትም እኛ በምንነዳበት በኩል ይከማቻል። ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አሮጌ መንገድ የምትነዱ ታውቁታላችሁ።

እዚያ መንገድ ላይ ዱከም ሳልደርስ ተበሳሁ። ቀየርኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ተነፈሰ። ሁለተኛውን መለዋወጫ አስገባሁ። እሱም ተነፈሰ። አይሱዙ ለምኜ ሳይክሌን ከሽንኩርት ማዳበሪያ ላይ ጭኜ ተመለስኩ። ማታ ጎማውን ገልብጬ አምፖል ሥር ሳጥፈው፣ 4 ሚሊ የማትሞላ ሽቦ ብቅ አለች። ጎማው ሲዘረጋ ትገባለች፣ ሲታጠፍ ትወጣለች። በጣቴ ሦስት ጊዜ ዳብሼ አልፌያት ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ስቶኪንጉን ጨብጣችሁ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን አንሸራትቱ። ሽቦም ሆነ እሾህ ስቶኪንጉን ይይዘዋል፤ ጣታችሁንም አይወጋም። በሁለቱም አቅጣጫ አንሸራትቱ፤ አጋድሞ የገባ ሽቦ በአንድ በኩል አይያዝም። ከዚያ ምልክቱ ያለበትን ቦታ ወደ ውጭ አጥፋችሁ በብርሃን እዩ። በወረንጦ ንቀሉት። እንደ ግራር እሾህ ውስጥ የተሰበረ ከሆነ በመርፌ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፉት።

ምንም ካላገኛችሁ ሁለት ነገር ይቀራል። ወይ የወጋችሁ ወድቋል፣ ወይ ምልክቱን ስትገጥሙ ከመነዳሪውን ገልብጣችሁታል። ገልብጣችሁ ደግማችሁ ለኩ።

## ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ቁጥር አንብቡ

ጎማው ጎን ላይ ብዙ ቁጥር አለ። የምትፈልጉት በሰረዝ የተያያዘውን ነው፤ 25-622 ወይም 28-622 የሚመስለውን። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ጎማው የሚያርፍበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው። 700ሲ የሚባለው የኮርሳ ጎማ ሁሌም 622 ነው።

ይህ ቁጥር ካልገጠመ ምንም አይገጥምም። የማውንቴን ባለ 26 ኢንች አብዛኛው 559 ነው። ድሮ የገቡ ኮርሳዎች ላይ የምታገኙት ባለ 27 ኢንች 630 ነው። ከ622 የሚለየው በ8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን ያታልላል። ሻጭ «ይሄዳል፣ ትንሽ ሳበው» ካላችሁ ጎማውን መልሱለት። ባለ 622ቱ ባለ 27ቱ ቸርኬ ላይ አይወጣም። ባለ 27ቱ 622 ቸርኬ ላይ ልቅ ይሆናልና አየር ሲሞላ ይዘላል። ቁልቁለት ላይ ከዘለለ ውጤቱን መጻፍ አያስፈልግም።

የጎማው ጽሑፍ ከጠፋ የቸርኬው ተለጣፊ ላይ ወይም ውስጡ ላይ ፈልጉ። እዚያም ከሌለ ሌላኛውን እግር እዩ፤ የፊቱና የኋላው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው።

## ደረጃ 3፦ ሳይክላችሁ ምን ያህል ስፋት ይችላል?

ወፈር ያለ ጎማ ባነሰ ግፊት ይነዳል፣ ጉድጓድ ሲመታ ቶሎ አይነክስም፣ ወገብንም ያዝንለታል። ለአዲስ አበባ መንገድ ከ25 ይልቅ 28፣ ከቻለ 32 እመርጣለሁ። ግን ሳይክሉ መቻል አለበት።

የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ባለ 32 ጎማ አስመጣሁት። ሳልለካ። ፍሬኑ ሥር አልፎ አልገባም። ሦስት ወር ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስመለከተው ኖሬ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት።

1. አሁን ያለውን ጎማ ሙሉ አየር ሙሉ።
2. ትክክለኛ ስፋቱን ለኩ። የተጻፈውን አትመኑ፤ ሰፊ ቸርኬ ላይ 25 የተባለ ጎማ 27 ሊሆን ይችላል።
3. ባለ 4 ሚሊውን ዘንግ በጎማውና በፍሬኑ ቅስት መካከል አስገቡ። ከዚያ በፎርኬታው ግራና ቀኝ፣ ከኋላ ደግሞ ፔዳሉ አጠገብ ባሉት ሁለት ቱቦዎች መካከል።
4. ዘንጉ በሁሉም ቦታ በነጻ ካለፈና ትርፍ ከቀረ፣ አንድ መጠን ከፍ ማለት ትችላላችሁ። በጭንቅ ካለፈ ባላችሁበት ቆዩ።

ከ28 ወደ 32 መሄድ ጎማውን በየጎኑ በ2 ሚሊ ያሰፋዋል፤ ወደ ላይም ያሳድገዋል። የክረምት ጭቃ ሲጨመርበት ክፍተቱ ይጠፋል። ጎማው ፍሬሙን መፈተግ ከጀመረ ደግሞ ካርቦንም ሆነ አሉሚኒየም ይበላል።

በጠቅላላው በቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ያላቸው የቆዩ ኮርሳዎች ከ25 ወይም ከ28 አያልፉም። ዲስክ ፍሬን ያላቸው አዳዲሶቹ 30 እና 32 ይቀበላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቸርኬያችሁ ሁክለስ የሚባለው፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ያልታጠፈው ዓይነት ከሆነ፣ የቸርኬው አምራች የፈቀደውን ጎማ ብቻ ግዙ። ግፊቱም ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72 ፒኤስአይ ገደማ አይለፍ። ይህ ምክር አይደለም፤ ክልከላ ነው።

## ደረጃ 4፦ ጎማውን ምረጡ

ጎማ እንዳይበሳ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። መሬት የሚነካው ላስቲክ ውፍረት፣ ከሥሩ የተነጠፈው መከላከያ ጨርቅ፣ የጎኑ ጥንካሬ። ሦስቱንም የሚያበዛ ጎማ ይከብዳል፣ ይደርቃል፣ ዳገት ላይ ይሰማል። በነጻ የሚገኝ ጥበቃ የለም።

ከደረጃ 1 ያገኛችሁትን አሁን አውጡት።

ሽቦና እሾህ ነው የሚያስቸግራችሁ፣ ለሥራ ነው የምትመላለሱት። ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ። ከላስቲኩ ሥር 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ለስላሳ ንብርብር አለው። ድሮዊንግ ፒን ቢሰካበት ጫፉ ከመነዳሪው ጋ አይደርስም። በ25 እና በ28 ስፋትም ይሠራል። ክብደቱ ግን ባለ 28ቱ አንዱ ብቻ ወደ 700 ግራም ይጠጋል። የእሽቅድምድም ጎማ 220 ግራም አካባቢ ነው። እንጦጦን ስትወጡ ልዩነቱን እግራችሁ ይነግራችኋል። ሲገጠምም ያስለቅሳል፤ እሱን ደረጃ 6 ላይ እናየዋለን።

ሥራም፣ የእሁድ ረጅም ጉዞም። እዚህ ጋ ሁለት ስም እጠራለሁ፣ ሁለቱም የኮንቲኔንታል ናቸው። ጌተርስኪን ከላስቲኩ ሥር የፖሊስተር መከላከያ አለው፤ ጎኑም በተጨማሪ ጨርቅ ተሸፍኗል። ረጅም ጊዜ ይሄዳል። በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን ብዙ ብስክሌተኛ ያማዋል፤ እኔም አልከራከርለትም። ግራንድ ፕሪ ፎር ሲዝን በሁለት ድርብ ቬክትራን የሚባል ጠንካራ ክር የተጠበቀ ነው፣ ጎኑም እንደ ጌተርስኪኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። እርጥብ ላይ ይሻላል። ዋጋውም ይበልጣል። ክረምት ከበጋ የምትነዱ ከሆነ ልዩነቱን ክፈሉ። ሰኔ ላይ የተቆጠበ ገንዘብ ሐምሌ ላይ አደባባይ ዙሪያ ሲያንሸራትት አያስደስትም።

እሽቅድምድም ብቻ። ግራንድ ፕሪ 5000 እና መሰሎቹ። ፈጣን ናቸው፣ ምቹ ናቸው። በየቀኑ ለመመላለስ ግን አትግዟቸው። «እገሌ በዚህ ነው የሚነዳው» የሚል ሰው ካለ፣ እገሌን ከኋላ መለዋወጫ እግር የጫነ መኪና እንደሚከተለው አስታውሱት።

ሌላ ስም ከገጠማችሁ በስሙ አትፍረዱ። በእጃችሁ ያዙት። መሐሉን በሁለት ጣት ቆንጥጡ፤ ከጎኑ በግልጽ መወፈር አለበት። ማሸጊያው ላይ ስለ መከላከያ ንብርብር አንድም ቃል ካልተጻፈ የለውም ማለት ነው። ክብደቱንም እዩ። ባለ 28 ሆኖ ከ250 ግራም በታች የሆነ ጎማ ምንም ቢጻፍበት ለሽቦ አልተሠራም።

### ስለ ጥርስ

«ጥርሱ ይበዛ» የሚል ልማድ አለን። ከመኪና የመጣ ነው። የመኪና ጎማ ሰፊ ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጥርሱ ውሃውን ያስወጣል። የኮርሳ ጎማ ቀጭን ነው፣ ውሃውን ራሱ ይሰነጥቃል። አስፋልት ላይ ሊሾ ጎማ ምንም አይጎድልበትም። ከመበሳት አንጻርም ጥርስ አይረዳም፤ እንዲያውም በጥርሱ መካከል ያለው ቦታ ስስ ነው፣ ጠጠርም ይይዛል።

### ስለ ሌሎች መፍትሔዎች

ከጎማው ሥር የሚነጠፍ የፕላስቲክ ቀበቶ ይሸጣል። ከእሾህ ያድናል፣ ግን ጫፎቹ በጊዜ ብዛት ራሳቸው ከመነዳሪውን ይቆርጣሉ። ካስገባችሁ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። አየር የማይፈልግ ድፍን ጎማ አይበሳም፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ጥርስ ያነቃንቃል። ቱብለስ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ጎማ፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ተስማሚ ቸርኬ፣ ልዩ ፋሻና በየጥቂት ወሩ የሚጨመር ፈሳሽ ይፈልጋል። ፈሳሹን ያለማቋረጥ የምታገኙበት ቦታ ከሌለ አትጀምሩት።

አሜሪካ፣ አሪዞና ወይም ኮሎራዶ የምትኖሩ ግን የተለየ ጠላት አለባችሁ። ጎትሄድ የሚሉት እሾህ የእኛ ኩርንችት ነው። እንዴትም ቢወድቅ አንዱ ጫፉ ወደ ላይ ነው የሚቆመው። እሱ ላይ ወፍራም ጎማ ብቻውን አይበቃም፤ ቱብለስ ወይም ከመነዳሪ ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ፈሳሹ እንዲገባ የቫልቩ ጫፍ የሚፈታ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ።

## ደረጃ 5፦ ስትገዙ

እዚህ አገር ጥሩ የኮርሳ ጎማ ሁሌ ሱቅ ላይ አይገኝም። ብዙዎቻችን በሻንጣ ነው የምናስመጣው። ለሻንጣ ታጣፊውን ምረጡ፤ ጠርዙ ከሽቦ ፋንታ ከኬቭላር ክር ስለተሠራ ተጣጥፎ ጫማ መሐል ይገባል። ባለ ሽቦውን በግድ ካጠፋችሁት ሽቦው ይሰበራል፣ ጎማውም አይረባም።

ለሚያመጣላችሁ ሰው «ጥሩ የሳይክል ጎማ» ብላችሁ አትላኩ። ይህን ገልብጡ፦

«ሁለት የብስክሌት ጎማ። መጠኑ 28-622፤ 700 በ28 ተብሎም ይጻፋል። ታጣፊ ይሁን፣ ፎልዲንግ የሚል። ቱብለስ አይሁን። ሁለት ከመነዳሪም ጨምር፣ ቀጭኑ ቫልቭ፣ ፕሬስታ የሚባለው። የጎኑን ቁጥር ፎቶ ሳትልክልኝ አትክፈል።»

28ን በራሳችሁ ልክ ቀይሩ፤ ቸርኬያችሁ ሁክለስ ከሆነ ደግሞ አምራቹ የፈቀደውን ጎማ ጻፉ። የፎቶዋን ነገር አታስቀሩ።

ሱቅ ስትገዙ ደግሞ፦

1. ጎማውን ወደ ውጭ እጠፉት። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል።
2. የጠርዙን ዙሪያ በጣት ሂዱበት። ሽቦው የጎበጠ ከሆነ ተዉት።
3. ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ክብደት ከትክክለኛው ጋር አስተያዩ። የሽንኩርት ሚዛንም ቢሆን ይሠራል። ልዩነቱ ከሰፋ አስመስሎ የተሠራ ነው። እኔ አንዴ በታወቀ ስም ገዝቼ፣ ከወር በኋላ ላስቲኩ እንደ ቂጣ ተላጠ።

ገንዘብ ለአንድ ብቻ ከበቃችሁ አዲሱን ከፊት ግጠሙ። የፊቱ ጎማ ከፈነዳ ሰው ይወድቃል። ከኋላ ክብደት ስለሚያርፍበት ቶሎ ያልቃል፤ ሲያልቅ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሩ፣ አዲስ ከፊት።

## ደረጃ 6፦ መግጠም

አዲስ ጎማ የሚበሳው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ገና መንገድ ሳይወጣ።

1. የቸርኬውን ፋሻ እዩ። ሁሉንም የራጂ ቀዳዳ ይሸፍን፣ አይንሸራተት፣ አይላጥ።
2. ጎማው ላይ የመሽከርከሪያ ቀስት ካለ ወደ ፊት ይሁን። የጎማውን ስም ከቫልቩ ቀዳዳ ትይዩ አድርጉ። ለጌጥ አይደለም፤ ነገ ሲበሳ ቦታውን ለማግኘት ነው።
3. የጎማውን አንዱን ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ውስጥ አስገቡ።
4. ከመነዳሪውን ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ንፉት። ባዶውን ካስገባችሁት ይታጠፋል።
5. ቫልቩን አስገቡ፣ ከመነዳሪውን ዙሪያውን ጎማው ውስጥ አስቀምጡ። ምንም ጥምዝ አይኑር።
6. ሁለተኛውን ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምሩ። በሁለት መዳፍ ግራና ቀኝ እየገፋችሁ ወደ ቫልቩ ኑ። ቫልቩ ጋ ጨርሱ።
7. ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መልሳችሁ ሳቡት። ሥሩ ከጠርዙ በታች ተይዞ ከነበረ ይላቀቃል።
8. ዙሪያውን ጎማውን ወደ ጎን ገፍታችሁ በሁለቱም በኩል እዩ። ከመነዳሪው የትም መታየት የለበትም። ከታየ ተቆንጥጧል፤ አሁን ካልተስተካከለ ሲነፋ እንደ ጥይት ይጮኻል።

### የመጨረሻው ቁራጭ እምቢ ካለ

ማራቶን ፕላስና ባለ ሽቦ ጌተርስኪን እዚህ ላይ ሰው ያስመርራሉ። ጉልበት አይደለም የሚጎድለው። ቸርኬው መሐሉ ጎድጓዳ ነው። ያስገባችሁት ጠርዝ ወደዚያ ጎድጓዳ ካልወረደ፣ በሌላው በኩል ትርፍ አይገኝም።

ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ ሁለቱን ጎን በጣት ቆንጥጣችሁ ወደ መሐል አውርዱ። እየቆነጠጣችሁ ወደ ላይ ኑ። እንደገና አድርጉት። የወጣው ጠርዝ እያመለጠ ካስቸገረ በገመድ ወይም በቀበቶ ከቸርኬው ጋር እሰሩት። የቀረውን ቁራጭ በሳሙና ውሃ አርጥቡ። አሁን በመዳፍ ሥጋ ወደ ላይ አንከባልሉት።

አሁንም እምቢ ካለ በፕላስቲኩ ማውለቂያ በትንሽ በትንሹ አስገቡ፤ በየጊዜው ሁለት ጣት የማይሞላ። ካቻቢቴ ያነሣችሁ እንደሆነ ከመነዳሪውን ራሳችሁ በሳችሁት ማለት ነው።

## ደረጃ 7፦ አየር

መጀመሪያ ግማሽ ብቻ ንፉ። እግሩን አሽከርክራችሁ ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ያለችውን ቀጭን መስመር ተከተሉ። ዙሪያውን እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባት። አንድ ቦታ ከጠለቀች፣ አስተንፍሱ፣ ያን ቦታ በሳሙና ውሃ አርጥቡ፣ እንደገና ንፉ። አንድ ቦታ ካበጠች ወዲያው አስተንፍሱ፤ ከመነዳሪው ሊወጣ ነው።

ከዚያ ሙሉ። ክብደታችሁ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ፦

- ባለ 25፦ ከፊት 80፣ ከኋላ 90 ፒኤስአይ
- ባለ 28፦ ከፊት 65፣ ከኋላ 75
- ባለ 32፦ ከፊት 50፣ ከኋላ 60

በየ10 ኪሎው 5 ያህል ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ፓምፓችሁ በባር የሚያሳይ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት፣ ቸርኬው ሁክለስ ከሆነም ከ72፣ ግን በፍጹም አትለፉ። በጣም የጠጠረ ጎማ አይበሳም የሚባለው ውሸት ነው። ጠጠር ላይ ይዘላል፣ ሹል ነገር ሲያገኝ አይሸሽም።

ቅዳሜ የነፋችሁትን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አትመኑት። ከመነዳሪ ሳይበሳም አየር ያፈሳል። በየሳምንቱ በመለኪያ ንፉ። የኮርሳ ጎማ 80 ይሁን 50፣ ለአውራ ጣት ያው ድንጋይ ነው።

### ጎሚስታ ጋ ከሄዳችሁ

የጎሚስታው መንፊያ ለመኪና ነው። ቀጭኑን ቫልቭ አይቀበልም። ትንሿን የናስ መቀየሪያ ገዝታችሁ ከኮርቻው ሥር አስቀምጡ። ስትነፉ ራሳችሁ ያዙት፤ በአጭር በአጭሩ ተጭናችሁ ልቀቁ። የኮርሳ ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ጎሚስታው ለመኪና እንደለመደው ከያዘው በሰከንዶች ውስጥ ይፈነዳል። «ቸርኬውን በፑንታ አስፍቼ የመኪናውን ቫልቭ ላስገባልህ» የሚልም አለ። አመስግናችሁ ሂዱ። ቀጭን ቸርኬ ይዳከማል።

## ደረጃ 8፦ ከገጠማችሁ በኋላ

ስባሪ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዙር አይበሳም። ይሰካል፣ በየዙሩ እየተጫነ ይገባል። በዝናብ ቀን ደግሞ ይብሳል፤ ውሃ ላስቲኩን ያንሸራትተዋል፣ ስባሪውም ጎማው ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ከእርጥብ ጉዞ በኋላ፣ ከደረቀ ደግሞ በየሳምንቱ፦

1. ትንሽ አስተንፍሱ።
2. ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።
3. ቀስ እያላችሁ እያሽከረከራችሁ እያንዳንዱን ጭረት ክፈቱ። የሚያብረቀርቅ ካለ በመርፌ ጫፍ አውጡ።
4. ጭረቱ ውስጥ ነጭ ክር ካያችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉና በሚቀጥለው ሳምንት እዩት። ከሰፋ ጎማው አብቅቷል።

ብዙ የኮንቲኔንታል ጎማዎች ላይ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ሲጠፉ ጎማው አልቋል። ሌላ ጎማ ላይ መሐሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ከጎኑ ጋር ማዕዘን ከሠራ አልቋል። ከጎኑ እብጠት የወጣበትን ጎማ ደግሞ እስከ ቤት እንኳ አትንዱት።

መንገድ ላይ የጎማው ጎን ቢሰነጠቅ ከመነዳሪ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ በስንጥቁ ይወጣና ይፈነዳል። ከውስጥ በኩል ጠንካራ ነገር አንጥፉ። ብር አጥፈው የሚያስገቡ አሉ። ይሠራል። እኔ ግን ከባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ የቆረጥኩትን ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ ከመለዋወጫው ከመነዳሪ ጋር ጠቅልዬ እይዛለሁ። ግፊቱን ወደ ግማሽ አውርዳችሁ፣ በዝግታ ወደ ቤት።